ማርሽ የሚቀየረው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው

ልጄ፣

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከጎልፍ ልምምድ ሜዳው ስንመለስ እስከ ቤትህ በር ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስክም። ልትወርድ ስትል ብቻ የመኪናውን በር እንደያዝክ ዞር አልክና፣ «ጋሼ፣ ዱላውን ወደ ኋላ ሳነሣ ሁሉንም ነገር አውቀዋለሁ። ሲወርድ ግን እኔ የለሁም። ስነቃ ኳሷ ሄዳለች» አልከኝ። ያኔ አልመለስኩልህም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ሳላስብበት አፌን መክፈት አልፈለግኩም። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ ይኸው ጻፍኩልህ።

አስቀድሜ ላመስግንህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ጎልፍ ከሚጫወተው ሰው ብዙው እንዳንተ ይጠፋል፤ መጥፋቱን ግን አያውቅም። ኳሷ ጫካ ስትገባ ዱላውን ይረግማል፣ ነፋሱን ይወቅሳል፣ በማግስቱ ሱቅ ሄዶ አዲስ ድራይቨር ይገዛል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኸ ነው። አንተ ግን ሰበብ ሳትፈልግ የጠፋህበትን ቦታ በጣትህ አሳየኸኝ። የመዳኑ ግማሽ እዚያው ነው።

እኔም ከኋላህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስመለከትህ ነበር። በሰባት ቁጥር አይረን ቀስ እያልክ ስትመታ ደህና ነበርክ። ድራይቨሩን ስታወጣ ነገሩ ተለወጠ። ዱላው ከቀኝ ትከሻህ በላይ እስኪደርስ አወጣጥህ ያማረ ነው። አናቱ ላይ ሲደርስ ግን መንጋጋህ ገጠመ፣ ትንፋሽህ ተቋረጠ፣ የጣቶችህ አንጓ ነጣ። ክብደትህ ገና ቀኝ እግርህ ላይ ሳለ ቀኝ ትከሻህ ወደ ኳሷ ተወረወረ። ኳሷም ወደ ግራ ጀመረችና ወደ ቀኝ ተጠማዝዛ አጥሩ ሥር ወደቀች። አንተ ቀና ብለህ «ምን ሆነ?» አልክ። አንድ ቅርጫት ሙሉ ኳስ መትተህ እስክትጨርስ ይህችን ጥያቄ 11 ጊዜ ጠየቅክ። እየቆጠርኩ ነበር።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ጥሩ ተጫዋች ዱላውን ከኳሷ ኋላ አንሥቶ አናት እስኪያደርስ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከአናት ወርዶ ኳሷን እስኪነካ ደግሞ የሰከንድ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ማውጣቱ ሦስት እጅ፣ ማውረዱ አንድ እጅ ማለት ነው። ዱላውና ኳሷ ተነካክተው የሚቆዩት የአንድ ሺህኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ነው፤ በዚያች ቅጽበት የባለሙያዎቹ ድራይቨር ጫፍ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል። በሰው ልጅ በኩል ደግሞ ዓይን ያየውን አእምሮ ተቀብሎ፣ እጅን አዝዞ፣ እጅ መታዘዝ እስኪጀምር የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ያልፋል።

እንግዲህ አስላው። ዱላው መውረድ ሲጀምር ጥፋትህን ብታየው እንኳ፣ ትእዛዝህ እጅህ ጋ ሲደርስ ወይ ኳሷ ልትሄድ ነው፣ ወይ ሄዳለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው። አንተም እየወረድክ ልታቃናው የምትታገለው ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንደተባለው ነው። በርበሬው የሚቀነጠሰው ሰርገኛው ከመምጣቱ በፊት ነበር።

ይህን ነገር የተማርኩት የጎልፍን ስም ሳልሰማ ነው። በወጣትነቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትሄድ ጣርማ በር አለ። ዋሻውን አልፈህ ብቅ ስትል አገሩ በሙሉ ከእግርህ በታች ይሆናል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ሾፌራችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቁልቁለቱ ገና ሳይጀምር ሜዳው ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ ከባድ ማርሽ ያስገባ ነበር። እኔ ታኮዬን እግሬ ሥር አድርጌ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን፣ «መንገዱ ገና ሜዳ ሳለ ለምን ትቀይራለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ቁልቁለቱ ከያዘህ በኋላ ማርሽ ልቀይር ብትል አልገባ ይልህና ፎሌ ላይ ይቀራል። ያኔ መኪናው ነው አንተን የሚነዳህ። ፍሬን ስትረግጥ ስትረግጥ ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። ቁልቁለት የሚነዳው ከላይ ነው» አለኝ።

ልጄ፣ ያንተም ምት እንደዚያው ነው። መጥፋትህ የተሰማህ ዱላው ሲወርድ ነው፤ የጠፋኸው ግን አናቱ ላይ ነው። መውጣቱ አልቆ መውረዱ ሊጀምር ባለበት በዚያች ቅንጣት ጊዜ ማርሹን ሳታስገባ ፎሌ ላይ ተወረወርክ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ ስበትና ፍርሃት ይወስኑታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«ታዲያ ማዘዝ ካልተቻለ እንደ ዕውር ልውረድ?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። ማዘዝ ሌላ ነው፣ ማወቅ ሌላ ነው። ያ ሾፌር ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ አይነካም፤ ጆሮው ግን ሞተሩ ላይ ነው፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ የጭነቱ ማዘንበል ይሰማዋል። ታይገር ዉድስን ተመልከተው። ዱላውን ማውረድ ከጀመረ በኋላ የካሜራ ድምፅ ረብሾት መሃል ላይ ቀጥ አድርጎ ሲያቆመው በቴሌቪዥን ታይቷል። በዚያ ፍጥነት ውስጥ ያለ ሰው ያን ድምፅ ሰምቶ መቆም ከቻለ፣ ቁልቁለቱ የግድ ጨለማ አይደለም ማለት ነው። የወጠረ ሰው ግን አይሰማም። ጡንቻ ሲጮህ ስሜት ዝም ይላል። ስለዚህ ካንተ የምጠብቀው ዱላውን እየወረደ እንድታርመው አይደለም፤ አብረኸው እንድትወርድ ነው። ለዚህም ጥቂት ምክር አለኝ።

የመጀመሪያው ስለ አያያዝህ ነው። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ ላንተ ምሳሌው ራሱ ብርሌው ይሁንልህ። ብርሌ በአንገቷ ትያዛለች። ከላላህ ትወድቃለች፣ ካጠበቅክ ጠጁ ሳይቀመስ እጅህ ይዝላል። ሰው ሲጨዋወት ብርሌዋን እንዴት እንደሚይዛት አስተውል፤ ጣቱ ያውቃታል እንጂ አያንቃትም። ዱላውንም እንዲሁ ያዘው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስትጀምር በያዝክበት ኃይል አናቱ ላይም ያዘው። ያንተ ችግር መነሻው ላይ ለስላሳ ሆነህ አናቱ ላይ መጨበጥህ ነው። የጨበጠ እጅ የዱላውን ጫፍ ክብደት አይሰማውም። ክብደቱ ካልተሰማህ ዱላው የት እንዳለ አታውቅም፤ የት እንዳለ ያላወቅከውን ነገር ደግሞ ልትከተለው አትችልም።

ሁለተኛው ስለ ጊዜው ነው። በልጅነታችን ለቡሄ ጅራፍ ገምደን እናጮህ ነበር። ትንንሾቹ ልጆች እጃቸው እስኪዝል ይወረውሩታል፤ ጅራፉ እግራቸው ላይ ይጠመጠማል እንጂ አይጮኽም። ታላላቆቹ ጅራፉን ወደ ኋላ ይሰዱትና ጫፉ እስኪዘረጋ ይጠብቁታል። ከተዘረጋ በኋላ እጃቸውን ትንሽ ሲመልሱት መንደሩ ይሰማል። ኃይሉ ከክንድ ብዛት አልነበረም፤ ጫፉን ከመጠበቅ ነበር። ጎልፍም ጅራፍ ነው። ቤን ሆጋን እንደ ፈረንጆቹ በ1957 ባሳተመው የጎልፍ ትምህርት መጽሐፉ መውረዱን የሚጀምረው የዳሌ መዞር ነው ብሎ ጽፏል። ዳሌ ይጀምራል፣ ደረት ይከተላል፣ ከዚያ ክንድ፣ ዱላው ከሁሉ በኋላ ይደርሳል፤ የመጨረሻው ግን ከሁሉ ፈጣኑ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። አንተ በትከሻህ ስትጀምር ጅራፉ ሳይዘረጋ መለስከው ማለት ነው። ስለዚህ አናቱ ላይ ዱላው መውጣቱን እንዲጨርስ ፍቀድለት። ዱላውን አቁመህ ቁጠር ማለቴ አይደለም። ግራ እግርህ መሬቱን ሲረግጥ ይሰማህ፣ ከዚያ ይውረድ።

ሦስተኛው ስለ ሐሳብህ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። አንተ ግን አምስት ዛፍ ላይ ነበርክ። «ክርኔ ወደ ጎኔ፣ ራሴ ቀጥ፣ አንጓዬ ታጥፎ፣ ዳሌዬ ይዙር፣ ዓይኔ ከኳሷ አይነቀል» እያልክ በአፍህ ስታነበንብ ሰምቼሃለሁ። ይህን ሁሉ በሰከንድ ሩብ ውስጥ የሚያስብ ሰው አልተወለደም። ሐሳቡ ሲበዛ አእምሮ ሁሉንም ይጥላቸውና ባዶ ይሆናል፤ ያ «እኔ የለሁም» ያልከው ባዶነት አንዱ ምንጩ ይኸ ነው። ጋብሪየለ ዉልፍ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1999 ባሳተመችው ጥናት ጀማሪዎችን ለሁለት ከፍላ አጭር የጎልፍ ምት አለማመደች። ግማሾቹ ሐሳባቸውን የክንዳቸው እንቅስቃሴ ላይ፣ ግማሾቹ የዱላው ውዝዋዜ ላይ እንዲያደርጉ ነገረቻቸው። ዱላውን ያሰቡት ክንዳቸውን ካሰቡት በተሻለ ወደ ዒላማው አስጠጉ። ስለዚህ የአካልህን ዝርዝር ተወውና አንድ ነገር ብቻ ያዝ፤ የዱላው ጫፍ የት ነው? ሲወጣም ሲወርድም ጥያቄህ ይህች ብቻ ትሁን።

አራተኛው መፈተኛ ነው። በ1981 ስለ ጎልፍ ውስጣዊ ጨዋታ መጽሐፍ ያሳተመው ቲሞቲ ጋልዌይ ተማሪዎቹ ዱላው አናት ሲደርስና ኳሷን ሲነካ ድምፅ አውጥተው ቃል እንዲናገሩ ያደርግ ነበር። እኛም በራሳችን ቋንቋ እንሞክረው። አናቱ ላይ «ላይ» በል፣ ስትነካት «ነካ» በል። ቅዳሜ መጨረሻ ላይ ለምን እንደሆነ ሳልነግርህ ይህን አስደርጌህ እንደነበር አስታውስ። በመጀመሪያው ምትህ «ላይ» ያልከው ዱላው ገና ከትከሻህ በታች ሳለ ነበር፤ «ነካ» ያልከው ደግሞ ኳሷ ከሄደች በኋላ። ከአፍህ የወጣው ድምፅ ጥድፊያህን መሰከረብህ። በስድስተኛው ግን «ላይ» የሚለው በቦታው ዋለ፣ «ነካ» የሚለውም ከኳሷ ድምፅ ጋር አንድ ሆነ። ያ ምት ሩቅ አልሄደም፤ ቀጥ ብሎ ግን ሄደ። አንተ የርቀቱን ማነስ አይተህ አዘንክ፤ እኔ በዚያን ሰዓት ልቤ ሞላ። በዚያ ቀን ከመነሻ እስከ መድረሻ አንተ የነበርክበት ምት እሱ ብቻ ነበርና።

አምስተኛው ቀስ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ኳስ ሳታስቀምጥ ዱላውን በጣም ቀስ አድርገህ አውጣው፣ በጣም ቀስ አድርገህ አውርደው። ቀስ ስትል የማታልፍበት ስርቻ የለም። ጨለማው የቱ ላይ እንደሚጀምር ታገኘዋለህ፣ ያችንም ቦታ ደጋግመህ ታልፍባታለህ። ከዚያ ጥቂት ጨምር፣ እንደገና ጥቂት። ጨለማው ከተመለሰ ፍጥነቱን ቀንስ። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰምበሌጥ ነው። ዛሬ በጥድፊያ ያቆምከው ምት በውድድር ቀን ነፋስ ሲመጣ አይቆምም።

እስካሁን የነገርኩህ ስለ እጅና ስለ እግር ነው። ሥሩ ግን ልብ ውስጥ ነው። ለምንድን ነው አናቱ ላይ የምትጨብጠው? ኳሷን ስለምትመኛት ነው። ዱላው ገና ላይ ሳለ ልብህ ሜዳው መጨረሻ ላይ ደርሷል፤ ኳሷ የት እንደምታርፍ እያየ ነው፣ ወይም አጥሩ ሥር እንዳትወድቅ እየፈራ ነው። ልብህ ከፊት ሄዶ ሰውነትህ ከኋላ ሲቀር ዱላው ያለ ባለቤት ይወርዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ይህ ያንተ ብቻ ፈተና እንዳይመስልህ። ሮሪ ማኪልሮይ በ2011 በማስተርስ ውድድር አራት ምት እየመራ ወደ መጨረሻው ቀን ገባ። የ21 ዓመት ልጅ ነበር። በአሥረኛው ጉድጓድ መነሻ ላይ ድራይቨሩን ሲመታ ኳሷ ወደ ግራ ተጠማዝዛ ዛፎቹ መሃል፣ ጎጆዎቹ አጠገብ ገባች። በዚያ ጉድጓድ ሦስት ትርፍ ምት ከፈለ፣ ቀኑንም በ80 ጨረሰ። ዓለም ሁሉ እያየው ነበር። በሁለት ወሩ ግን እዚህ አሜሪካ፣ እኛው ጎረቤት ቤተዝዳ፣ ኮንግረሽናል በሚባለው ሜዳ ላይ የአሜሪካን ኦፕን በስምንት ምት ልዩነት አሸነፈ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ እንስራው ግን እንደገና ይሞላል። ስለዚህ አንድ ምት ሲበላሽብህ በንዴት ሌላ ኳስ አታስቀምጥ። አባቶቻችንም በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብለዋል፤ ገናም እንደ ጎልፍ በዱላ ኳስ የሚመታበት ጨዋታ ነው። የተቆጣ ሰው አናት ላይ ደርሶ አያውቅም፤ መሃል መንገድ ላይ ይመለሳል።

እኔ ይህን ያህል የምደክምልህ ለጎልፍ ብቻ ብዬ አይደለም። ሰው በሕይወቱ የሚጠፋው በእነዚህ የሰከንድ ሩቦች ነው። ቁጣ ከአፍ ሲወጣ፣ እጅ ፊርማ ላይ ሲያርፍ፣ እግር ነዳጅ ሲረግጥ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ መውጣት ከጀመረ በኋላ ልመልሰው ብትል የሚቀርልህ ጸጸት ብቻ ነው። ጨዋ ሰው የሚባለው ቁልቁለቱ ላይ ቃሉን የሚይዝ አይደለም። ቃሉ ገና ጉሮሮው ላይ ሳለ አንድ ትንፋሽ የሚታገሥ ነው። ይህን እጅህ በዱላው ከተማረው ምላስህም ይማረዋል።

አንድ ታሪክ ነግሬህ ልጨርስ። ሃርቪ ፔኒክ የሚባሉ ሽማግሌ በቴክሳስ ኦስቲን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎልፍ አስተማሩ። በ1992 የወጣው ትንሿ ቀይ መጽሐፋቸው ስማቸውን በመላው ዓለም አስጠራ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማሩት ቤን ክሬንሾው ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ ታመው በተኙበት አልጋ ላይ ሆነው ስለ ፓተር አመታት የመጨረሻ ትምህርታቸውን ሰጡት። ሚያዝያ 2 ቀን 1995 እንደ ፈረንጆቹ አረፉ። ክሬንሾው በዚያው ሳምንት ሬሳቸውን ተሸክሞ ቀበረ፣ ወደ ኦገስታ ተመልሶ ማስተርስን ተጫወተ፣ እሑድ ዕለት በ43 ዓመቱ አሸነፈ። የመጨረሻዋ ኳስ ስትገባ ጎንበስ ብሎ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። በዚያች ቁልቁለት ላይ አስተማሪው አጠገቡ አልነበሩም። ማርሹ ግን አስቀድሞ ገብቶ ነበር።

እኔም ሁልጊዜ ከኋላህ ወንበር ላይ አልቀመጥም። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ። እስከ ቅዳሜ በየማታው ሳሎንህ ውስጥ ሳይሆን ግቢው ላይ፣ ኳስ ሳታስቀምጥ፣ ዱላውን 20 ጊዜ ቀስ አድርገህ አውጣና አውርድ። በእያንዳንዱ «ላይ» በል፣ «ነካ» በል፤ ትንፋሽህን አትያዝ። ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት በርህ ላይ ነኝ። ድራይቨሩን ቤት ተወው።